ሌሊት ባት ሲይዝ፦ በቤት የሚደረግ እርዳታና ሐኪም የሚያስፈልግበት ጊዜ

(በማኅበራችን አዳራሽ ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)

 

የዛሬው ርእሳችን ሌሊት በእንቅልፍ ላይ እያለን እግራችንን የሚይዘን ሕመም ነው። አንዳንዱ «ባቴን ያዘኝ» ይላል፤ አንዳንዱ «ጅማቴ ተሳበ» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «እግሬን ሸመቀቀኝ» ይላል። ስሙ ቢለያይም ሕመሙ አንድ ነው። «ለዚህ ተብሎ ስብሰባ ይጠራል ወይ?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በየቤቱ ስንዞር ነገሩ ትንሽ እንዳልሆነ አይተናል። እናቶች መጀመሪያ የሚያነሡልን ስለ ቤት፣ ስለ ኡልፓንና ስለ ልጆች ትምህርት ነው። ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ ግን «ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፤ እግሬ ይይዘኛል» ማለት ይጀምራሉ። ሌሊቱን ሳትተኛ ያደረች እናት ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥታ ለጽዳት ሥራ አውቶቡስ ትጠብቃለች። የደከመ ሰው በሥራም፣ በትምህርትም፣ በትዕግሥትም ይጎዳል።

ከዚህ የበለጠ የሚያሳስበን ሌላ ነገር አለ። ሕመሙን ለማስታገሥ ሲባል አንዳንዱ ባቱን በምላጭ ያስበጣል፤ አንዳንዱ የጎረቤቱን ኪኒን ይውጣል፤ አንዳንዱ ደግሞ ከባድ በሽታ በእግሩ ላይ ተቀምጦ ሳለ «ይህማ ባት መያዝ ነው፤ ያልፋል» ብሎ ይተኛል። ስለዚህ ዛሬ ሦስት ነገሮችን ይዛችሁ እንድትሄዱ እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ ሕመሙ በመጣበት ሰዓት ምን እንደሚደረግ፤ ሁለተኛ፣ እንዳይመላለስ ምን እንደሚረዳ፤ ሦስተኛ፣ በቤት መድኃኒት የማይታለፈው የትኛው እንደ ሆነ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ የተማርኩ መምህር ነኝ። የምነግራችሁ ሐኪሞች ካጠኑትና ከጻፉት ውስጥ በቤት ሊሠራ የሚችለውን ነው። የእያንዳንዳችሁን እግር አይቶ የሚፈርደው ግን የኩፓት ሆሊም ሐኪማችሁ ነው።

ሕመሙ ምንድን ነው?

ባታችን ውስጥ ያለው ትልቅ ጡንቻ ስንራመድ ይሰበሰባል፤ ደግሞ ይላላል። ሌሊት ባት ያዘን የምንለው ይህ ጡንቻ ሳናዘው በድንገት ተሰብስቦ እንደ ድንጋይ ሲጠነክርና አልላላ ሲል ነው። በእጅ ሲዳሰስ እብጠት መስሎ ይታወቃል። አንዳንድ ጊዜ ውስጥ እግርንና ጣቶችን ወይም ጭንን ይይዛል። ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሴኮንዶች እስከ ጥቂት ደቂቃዎች ይቆያል፤ እስከ አሥር ደቂቃ የሚደርስበትም ጊዜ አለ። ከለቀቀ በኋላ ጡንቻው ተደብድቦ እንዳደረ ሆኖ እስከ ማግሥቱ ሊያም ይችላል።

ዕድሜያቸው ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎችና ነፍሰ ጡሮች ከሌላው ይበልጥ ያገኛቸዋል። ወጣቶችም አይቀርላቸውም። ብዙዎቻችን «ብርድ መታኝ» ወይም «ነፋስ ገባብኝ» እንላለን። ሌላ ነገር የተጣለበት የሚመስለውም አይጠፋም። ይህ ሕመም ማንም ያላመጣብን፣ በዓለም ሁሉ ያለ፣ ጥቁር ነጭ ሳይል ሰውን ሁሉ የሚይዝ ነው። ስለዚህ የሚታፈርበት ነገር የለውም።

ለምን ይመጣል?

ብዙ ጊዜ አንድ ቁርጥ ያለ ምክንያት አይገኝለትም። ሆኖም የሚያባብሱት ነገሮች ይታወቃሉ።

የመጀመሪያው የጡንቻ ድካም ነው። በአገር ቤት የምንራመደው በአፈር ላይ፣ ሽቅብና ቁልቁል ነበር። እዚህ ግን ቀኑን ሙሉ በባላጣ ወለል ላይ ቆሞ መሥራት አለ። በፋብሪካ፣ በኩሽና፣ በጽዳት ሥራ ላይ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። በአንጻሩ ደግሞ ቀኑን ሙሉ መርከዝ ክሊታ ውስጥ ተቀምጦ መዋልም ጡንቻን ያሳጥራል፤ ያደነድናል። ሁለቱም ለባት አይስማሙም።

ሁለተኛው የአተኛኘት ሁኔታ ነው። በጀርባችን ተኝተን ከባድ ብርድ ልብስ እግራችንን ሲጫነው ጣቶቻችን ወደ ታች ይዘረጋሉ፤ ተረከዛችን ወደ ላይ ይሳባል። በዚህ ጊዜ የባት ጡንቻ አጥሮ ያድራል። ያጠረ ጡንቻ ደግሞ በትንሽ ነገር ይሸመቀቃል።

ሦስተኛው የሰውነት ውሃ ማነስ ነው። የጎንደር ደጋ አየር ለለመደ ሰው የቤር ሼባና የዮርዳኖስ ሸለቆ በጋ ሌላ ነው። ሰው ሳይታወቀው ብዙ ውሃ በላብ ያጣል። ውሃ የሚጠማችሁ ካጣችሁ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ጥሙን አትጠብቁ። ሽንታችሁ ጠቆር ያለ ቢጫ ከሆነ ሰውነታችሁ ውሃ ጎድሎታል ማለት ነው።

አራተኛው መድኃኒት ነው። ሽንት የሚያበዛ የደም ግፊት ኪኒን፣ ለኮሌስትሮል የሚሰጥ ኪኒን፣ ለአስም የሚሳቡ አንዳንድ መድኃኒቶች ባት መያዝን ሊያመጡ ይችላሉ። እዚህ ላይ አደራ የምላችሁ ነገር አለ። ይህን ሰምታችሁ ቤት ስትገቡ የግፊታችሁን ኪኒን እንዳትጥሉ። «ይህን መድኃኒት ከጀመርኩ ወዲህ እግሬ ይይዘኛል» ብላችሁ ለሐኪሙ ንገሩት፤ መለወጥ ካለበት እርሱ ይለውጣል።

አምስተኛው ሌላ በሽታ ነው። ስኳር፣ የኩላሊት ሕመም፣ የጉበት ሕመም፣ የእንቅርት ዕጢ ሥራ መቀነስ፣ የእግር ደም ሥር መጥበብ ያለበት ሰው ባቱ አዘውትሮ ሊይዘው ይችላል። ከኢትዮጵያ በመጣው ወገናችን ላይ የስኳር በሽታ ስንመጣ ጥቂት ሆኖ ሳለ እዚህ በቆየን ቁጥር እየበዛ እንደ ሄደ ሐኪሞች በተደጋጋሚ ያጠኑት ነገር ነው። ስለዚህ ዘወትር ባቱን የሚይዘው ሰው ደሙን መመርመሩ ለባቱ ብቻ ሳይሆን ለሌላውም ይጠቅመዋል።

በያዛችሁ ሰዓት ምን ታደርጋላችሁ?

ዋናው መድኃኒት ያጠረውን ጡንቻ መሳብ ነው። ይኸውም እንዲህ ነው። አልጋው ላይ እንዳላችሁ ጉልበታችሁን ቀጥ አድርጉ። ከዚያ የእግራችሁን ጣቶች በእጃችሁ ይዛችሁ ወደ ራሳችሁ፣ ወደ ቅልጥማችሁ አቅጣጫ ሳቡ። በኀይል አትንጡ፤ ቀስ ብላችሁ ሳቡና ያዙ። ጡንቻው እስኪላላ ድረስ እንደ ያዛችሁ ቆዩ። ወገቡ ለማይታጠፍለት ወይም ሆዷ ለገፋ ነፍሰ ጡር ፎጣ ወይም ነጠላ በውስጥ እግር ዙሪያ አድርጎ ሁለቱን ጫፍ መሳብ ይቻላል። ነጠላው ሌሊቱን ሙሉ ከትራስ አጠገብ ይቀመጥ።

ሁለተኛው መንገድ ተነሥቶ ቆሞ የያዘውን እግር ተረከዝ ወለሉ ላይ መጫን ነው። ለአዛውንቶች ግን ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ በሕመሙ ደንግጣችሁ ከአልጋ አትዝለሉ። በጨለማ፣ በሚያዳልጥ ባላጣ ላይ መውደቅ ከባት መያዝ የከፋ ነው፤ የዳሌ አጥንት ስብራት አንድን ሽማግሌ ከቤት ሊያስቀረው ይችላል። መጀመሪያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ ቀጥሎ ግድግዳ ወይም ወንበር ይዛችሁ ተነሡ። ትንሽ መብራት ሌሊቱን ሙሉ ቢበራ ጥሩ ነው።

ጡንቻው መላላት ሲጀምር በእጅ እሹት። እናቶቻችን በቅቤ የሚያሹት ያለ ምክንያት አይደለም። ቅቤው እጅን ያንሸራትታል፤ ሥራውን የሚሠራው ግን እጁ ነው። ቅቤ ከሌለ ዘይትም ይሆናል። ከተረከዝ ጀምራችሁ ወደ ጉልበት ቀስ እያላችሁ እሹ። ከዚያ በኋላ ሙቅ ፎጣ ወይም የሙቅ ውሃ ከረጢት ማድረግ ጡንቻውን ያላላዋል። በማግሥቱ ሕመሙ ከቀረ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶም ያስታግሣል።

ስለ ሙቀት ሁለት ነገር ልብ በሉ። የስኳር ሕመምተኛ እግሩ የሚፋጅ ነገር ላይታወቀው ይችላል። ስለዚህ የሞቀ ድንጋይም ሆነ የሙቅ ውሃ ከረጢት በእግሩ ላይ አድርጎ መተኛት የለበትም፤ ተቃጥሎ ሊያድር ይችላል። ሁለተኛ፣ በክረምት እግር ለማሞቅ ብላችሁ በተዘጋ ቤት ከሰል አታንድዱ። በአገር ቤት ጎጆው በክዳኑም በግድግዳውም ይተነፍስ ነበር። የዚህ አገር ቤት ግን መስኮቱ ድፍን ነው፤ የከሰል ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ቤተሰብ ይገድላል።

እንዳይመላለስ ምን ይደረግ?

ከሁሉ የሚረዳውና ገንዘብ የማይጠይቀው ከመኝታ በፊት ባትን መሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በኔዘርላንድስ የወጣ አንድ ጥናት አለ። ዕድሜያቸው ከ55 ዓመት በላይ በሆኑ 80 ሰዎች ላይ የተደረገ ሲሆን፣ ለስድስት ሳምንት በየሌሊቱ ከመኝታ በፊት ባታቸውንና ቋንጃቸውን የሳቡት ሰዎች ካልሳቡት ይልቅ ሕመሙ ቀንሶላቸዋል፤ ሲይዛቸውም ሥቃዩ ቀለል ብሏል።

አደራረጉን አሁን ተነሥተን አብረን እንሠራዋለን። በቤት የምታነቡትም እንዲህ አድርጉ። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ መዳፋችሁ ግድግዳውን እስኪነካ ቁሙ። አንዱን እግር ወደ ኋላ አድርጉት፤ ጉልበቱ ቀጥ ይበል፤ ተረከዙ ከወለሉ አይነሣ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዘንበል በሉ። ባታችሁ ሲሳብ ይታወቃችኋል፤ እንዲያማችሁ ግን አታድርጉ። እስከ ሃያ ቁጠሩና ተመለሱ። በእያንዳንዱ እግር ሦስት ሦስት ጊዜ አድርጉ። ለቋንጃ ደግሞ አልጋ ላይ ተቀምጣችሁ አንዱን እግር ዘርጉ፤ ጉልበታችሁን ሳታጥፉ ወደ ፊት ጎንበስ በሉ፤ እንደ ቀድሞው ቁጠሩ። ሁሉም አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ልጆች አያቶቻቸውን እየቆጠሩ ቢያሠሩ ሁለቱም ይጠቀማሉ፤ ልጁ በአማርኛ መቁጠር ይማራል፤ አያትም በዕብራይስጥ ይማራሉ።

ከዚህም ጋር፦ ብርድ ልብሱ እግራችሁ ላይ ላላ ይበል፤ ከፍራሹ ሥር አትወትፉት። በጀርባ የምትተኙ ከሆነ እግራችሁ ቀና ብሎ እንዲቆም ትራስ አስደግፉት። በሆድ የምትተኙ ደግሞ እግራችሁ ከአልጋው ጫፍ ወጥቶ ይንጠልጠል። ቆማችሁ የምትሠሩ በየመካከሉ ተረከዛችሁን ከፍ ዝቅ አድርጉ። ሶሉ ያለቀ ጫማ ጣሉ፤ ለሥራ ተረከዝን የሚደግፍ ጫማ ያስፈልጋል። ውሃ በቀኑ ውስጥ ከፋፍላችሁ ጠጡ። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን ምን ያህል እንደሚጠጣ ሐኪሙ የነገረውን ይጠብቅ።

ስለ ጾምም አንድ ቃል ልናገር። በዮም ኪፑር፣ በቲሻ በአብ፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በአገሪቱ ሕግ በታወቀው በሲግድ በዓል ሽማግሌዎቻችን ጾመው ረዥም ሰዓት ይቆማሉ፤ ኢየሩሳሌምም ወጥተው ይራመዳሉ። በዚያ ሌሊት ባት ቢይዝ አያስገርምም። ከጾሙ በፊት ባለው ቀን በርከት አድርጋችሁ ውሃ ጠጡ፤ ጾሙ ሲፈታም ከምግብ አስቀድማችሁ ውሃ ጠጡ። ስኳር ያለባችሁና መድኃኒት የምትወስዱ ግን ከጾሙ ቀደም ብላችሁ ሐኪማችሁንና ቄሳችሁን ጠይቁ።

የአገር ቤት መድኃኒቶችስ?

እዚህ ላይ ሁሉንም ጥሉ የሚል ሰው አይደለሁም፤ ሁሉም ይጠቅማል ብዬም አልሸነግላችሁም። ማሸት ይጠቅማል፤ ሙቀት ይጠቅማል፤ ይህን ተናግሬአለሁ። ፌጦ ፈጭቶ መቀባት ያቃጥላል፤ ማቃጠሉ ሕመሙን ለጊዜው ያስረሳ ይሆናል፤ ነገር ግን ቆዳን ሊያቆስል ይችላልና በስኳር ሕመምተኛ እግር ላይ ፈጽሞ አይደረግ። ዋግምትና በምላጭ መብጣት ግን ይቅር። ጡንቻው የተሸመቀቀው ደም ስለ በዛበት አይደለም፤ ደም ቢወጣም አይላላም። ምላጩ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው በሽታ ያስተላልፋል፤ ጉበትን የሚጎዳውም ቫይረስ፣ ኤች.አይ.ቪ.ም በደም ይተላለፋሉ። ቁስሉ ያመረቀዘበት የስኳር ሕመምተኛ እግሩን እስከ ማጣት ሊደርስ ይችላል።

ወጌሻ ዘንድ መሄድ የምትወዱ አላችሁ። የጠነከረ ባት ማሸት የሚያውቅ እጅ ክፉ አይደለም። ነገር ግን አንዱ እግር ብቻ ካበጠና ከሞቀ ማንም እጁን አያሳርፍበት፤ ምክንያቱን በኋላ እነግራችኋለሁ።

በዚህ አገር ደግሞ ሌሎች የቤት መድኃኒቶች አሉ። ጎረቤቶቻችሁ የጎመዘዘ የከያር ጨው ውሃ፣ ማለት የሜላፌፎን ሐሙጽ ጣሳ ውስጥ ያለውን፣ ጠጡ ይሏችኋል። ይህ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ የወጣ ጥናት ሆን ተብሎ በኤሌክትሪክ የተሸመቀቀ የእግር ጡንቻ ይህን ውሃ በጠጡ ወጣቶች ላይ ንጹሕ ውሃ ከጠጡት ፈጥኖ እንደ ላላ አሳይቷል። ጨው ደም ውስጥ ለመግባት ጊዜ ሳያገኝ ስለ ላላ ተመራማሪዎቹ ኮምጣጣው ጉሮሮን ሲነካ በነርቭ በኩል ጡንቻውን ያላላዋል ብለው ያስባሉ። ስለዚህ አንድ ሁለት ጉንጭ ይበቃል። ጨው ስለ ሆነ ግን ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ልማድ አያድርገው።

ሙዝ ብሉ የሚሉም አሉ። ሙዝ ጥሩ ምግብ ነው፤ ባት መያዝን እንደሚያስቀር ግን አልተረጋገጠም፤ ኩላሊቱ ለደከመም ብዙ ሙዝ አይመከርም። ከአንሶላ ሥር ሳሙና ማስቀመጥ ደግሞ አይጎዳም፤ እንደሚረዳ የሚያሳይ ማስረጃ ግን የለም። እኛ የምናውቀው ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመንና የጤፍ እንጀራ የሚመገብ ሰው አበላሉ ከቡሬካስና ከጣፋጭ መጠጥ ይሻላል። የአገራችሁን ገበታ በዚህ አገር አታስንቁት።

ስለ ኪኒን

አሁን ወደ ኪኒን እንምጣ። በፋርማሲ መደርደሪያ ላይ «ማግኔዝዩም» የሚባል ብዙ ዓይነት ታገኛላችሁ። ለባት መያዝ ይሸጣል፤ ዋጋውም ለአዲስ ገቢ ቤተሰብ ቀላል አይደለም። ይህን ነገር እዚሁ እስራኤል ውስጥ መረመሩት። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ጥናት ሌሊት እግራቸውን የሚይዛቸው 94 ሰዎች በሁለት ተከፍለው ግማሾቹ እውነተኛ ማግኔዝዩም፣ ግማሾቹ ደግሞ የሚመስል ባዶ ኪኒን ለአራት ሳምንት ወሰዱ። በሁለቱም ወገን ሕመሙ በሳምንት በሦስት ጊዜ ያህል ቀነሰ። ባዶውን የወሰዱትም እንደ ሌሎቹ ተሻላቸው ማለት ነው። ከዚህ የምንማረው ሕመሙ ራሱ አንዳንድ ጊዜ እንደሚቀንስና መድኃኒቱ ግን እንዳልረዳ ነው። ማግኔዝዩም ሆድ ያስቀምጣል፤ ኩላሊቱ ለታመመም አደገኛ ነው። የደም ምርመራ ማግኔዝዩም አንሷል ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ ሐኪም ያዛል።

ቀጥሎ ኩዊኒን አለ። በአማርኛ ማንኛውንም እንክብል «ኪኒን» የምንለው ከዚህ ስም የመጣ ነው፤ ለወባ የሚሰጠው መራራ መድኃኒት ነው። ቀድሞ ለባት መያዝም ይሰጥ ነበር። ነገር ግን ደም የሚያረጉትን ሕዋሳት ሊጨርስና የልብን ምት ሊያዛባ ስለሚችል የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2006፣ ደግሞም በ2010 ለዚህ ሕመም እንዳይወሰድ አስጠንቅቋል። ከአገር ቤት የተረፈ ኩዊኒን በሻንጣችሁ ካለ ለእግር ብላችሁ አትውሰዱት።

እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ከቻይና ቫይታሚን ኬ2 ለአዛውንቶች እንደ ረዳ የሚናገር ጥናት ወጥቷል። ተስፋ የሚሰጥ ቢሆንም አንድ ጥናት ብቻውን አይበቃም። ደም የሚያቀጥን ኩማዲን የሚወስድ ሰው ይህን ቫይታሚን ቢወስድ የመድኃኒቱን ሥራ ያበላሽበታል።

ነፍሰ ጡሮች

ለነፍሰ ጡር እኅቶች በተለይም ከስድስተኛው ወር በኋላ ባት መያዝ የተለመደ ነው። የነገርኳችሁ መሳብ፣ ማሸትና ሙቅ ፎጣ ለእናንተም ይሆናል። በግራ ጎን መተኛት፣ ከሰዓት በኋላ እግርን ከፍ አድርጎ ማረፍ ይረዳል። ሳይጠይቁ ኪኒን መውሰድ ግን አይገባም። በክትትል ቀጠሮአችሁ ላይ፣ በቲፓት ሐላብም ቢሆን፣ «ሌሊት እግሬ ይይዘኛል» ብላችሁ ንገሯቸው።

ባት መያዝ ያልሆነው የትኛው ነው?

እንግዲህ ከንግግሬ ሁሉ ይህን ብቻ ብትይዙልኝ ይበቃኛል። ባት መያዝ በድንገት ይመጣል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል፤ በማግሥቱ ትራመዳላችሁ። ከዚህ የተለየ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው።

አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ መልኩ ከቀላ ወይም ከጠቆረ፣ ሕመሙም ሳይለቅ ከዋለ፣ በእግር ውስጥ ደም ረግቶ ይሆናል። ለሰዓታት ተቀምጦ ከተጓዘ በኋላ፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ፣ በእርግዝና ጊዜና ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት ይህ ከሌላው ጊዜ ይበልጥ ይከሰታል። የረጋው ደም ከእግር ተነሥቶ ወደ ሳንባ ቢሄድ ይገድላል። ወጌሻ እንዳይነካው ያልኩት ለዚህ ነው። በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ከወጋ ወይም ደም ያለበት ሳል ከመጣ ግን ወዲያውኑ በ101 ማጌን ዳቪድ አዶምን ጥሩ።

ሰንበት ነው ብላችሁ አትቆዩ። ሰንበትን ማክበር ከአባቶቻችን የወረስነው ክብራችን ነው፤ ነገር ግን ነፍስ ለማዳን ሰንበት እንደሚሻር የሃይማኖታችን ሕግ ራሱ ያዛል፤ በዕብራይስጥ «ፒኩአሕ ነፌሽ» ይባላል። ቅዳሜ ማታ እስኪደርስ የጠበቀ ሕመምተኛ ሊደርስ የማይችልበት ጊዜ አለ።

ሲራመዱ ባት የሚያም፣ ሲቆሙ የሚተው፣ እንደ ገና ሲራመዱ የሚመለስ ከሆነ የደም ሥር ጠቦ ይሆናል፤ በተለይ በሚያጨስና ስኳር ባለበት ሰው ላይ። እግር ከደነዘዘ፣ ከቀጠነ ወይም ከደከመ፣ ሽንት ከቀነሰ፣ ወይም ባት መያዙ በየሌሊቱ እንቅልፍ የሚነሣ ከሆነም ቀጠሮ ያዙ።

ለሐኪሙ እንዴት ትነግሩታላችሁ?

እ.ኤ.አ. ከጥር 1995 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የጤና ዋስትና ሕግ መሠረት የዚህ አገር ነዋሪ ሁሉ የኩፓት ሆሊም አባል የመሆን መብት አለው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የሕመምተኛ መብት ሕግ ደግሞ ሐኪሙ ሕመምተኛው በሚገባው መንገድ እንዲያስረዳ ያዛል። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ የሕክምና ተቋሞች ለቋንቋ እርዳታ እንዲሰናዱ አዟል። ስለዚህ አስተርጓሚ መጠየቅ ልመና አይደለም፤ «ሜታርገሜት ለአምሐሪት፣ በቫካሻ» በሉ።

ልጆቻችሁን ለማስተርጎም አትውሰዱ። የአሥር ዓመት ልጅ የእናቱን ሕመም ማስረዳት አይችልም፤ እናትም በልጇ ፊት ሁሉን አትናገርም። ብዙ እናቶች ሐኪም ዘንድ ገብተው «እግሬን» ይላሉ፤ ልጁም «ኮኤቭ ላ ሀረገል» ብሎ ይተረጉማል፤ የሕመም ማስታገሻ ይዘው ይመለሳሉ። ሌሊት መሆኑም፣ ጡንቻው እንደ ድንጋይ መጠንከሩም አልተነገረም።

የሚጠቅሙ ቃላት እነዚህ ናቸው። «ኒትፓስ ሊ ሀሽሪር ባላይላ» ማለት «ሌሊት ጡንቻዬ ተያዘ» ማለት ነው። እንግዲህ ዕብራይስጡም እንደ እኛው «ተያዘ» ይላል፤ አይከብዳችሁም። ባት «ሾክ» ይባላል። ያበጠ እግር «ረገል ነፉሓ» ነው። ከመሄዳችሁ በፊት አራት ነገር በወረቀት ያዙ፤ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚይዛችሁ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ፣ አንዱን እግር ወይስ ሁለቱን እንደ ሆነ፣ የምትወስዱት መድኃኒት ምን እንደ ሆነ። የመድኃኒቶቹን ሣጥኖች በከረጢት አድርጋችሁ ውሰዱ። ከአገር ቤት የመጣ ቅጠልም ካለ አትደብቁ፤ ሐኪም የሚጎዳን የምንደብቀው ነገር ሲኖር ነው። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ።

ሐኪሙ መርምሮ ኪኒን ሳይሰጥ «ባታችሁን ሳቡ፤ ውሃ ጠጡ» ብሎ ቢመልሳችሁ ናቀን ብላችሁ አትዘኑ። ለዚህ ሕመም ከመሳብ የበለጠ ነገር ስለሌለ ነው። ነገር ግን ሳይጠይቅና እግራችሁን ሳያይ ከሸኛችሁ እንደ ገና ቀጠሮ ያዙ፤ ካልሆነም ሐኪም የመለወጥ መብት አላችሁ። መንገዱ የጠፋባችሁ ወደ ማኅበራችን ኑ፤ ቀጠሮ እንዴት እንደሚያዝ እናሳያችኋለን።

እንግዲህ ወንበሮቹን ወደ ጎን አድርጉና ሁላችን ወደ ግድግዳው እንጠጋ። እማማዎች በቀኝ በኩል፣ ወንበር ይዛችሁ መቆም ትችላላችሁ። ተረከዝ ከወለሉ አይነሣ። እስከ ሃያ አብረን እንቁጠር።